በረንዳ ላይ የተተወ ጆንያ፦ ሕጉ የማን ነው ይላል?

[ምስል፦ ፒያሳ፣ ማለዳ። ሱቆች ገና አልተከፈቱም። በረንዳ ላይ የታጠፈ ካርቶን፣ ብርድ ልብስና በገመድ የታሰረ ጆንያ ይታያሉ።]

በጎንደር ፒያሳ በረንዳ ላይ ያደረ ሰው ጠዋት ሲነሣ ሁለት የሕግ ጥያቄዎች ይጠብቁታል። አንደኛው እዚያ ማደር ይችላል ወይ የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ለቀን ሥራ ሲሄድ ትቶት የሚወጣው ጆንያ ምን ይሆናል የሚል ነው። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ላይ ያልቃል። እኛ ግን በሁለተኛው ላይ እንቆያለን፤ ሰውን «ከዚህ ተነሥ» ማለትና ንብረቱን መኪና ላይ ጭኖ መሄድ በሕግ ፊት አንድ ድርጊት አይደሉምና።

ስለ ማደሩ በአጭሩ እንበል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገዶችንና ጎዳናዎችን የሕዝብ አገልግሎት ሀብት ያደርጋቸዋል፤ ማንም በቆይታ ብዛት የግሉ ሊያደርጋቸው አይችልም፤ አስተዳደሩም መተላለፊያ እንዳይዘጋ ሊቆጣጠር ይችላል። ይሁንና መንገድ ላይ ድንኳን መትከል ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ለቅሶ ሲደርስ የእድር ድንኳን የመንደሩን መንገድ ይዞ ይሰነብታል፤ ጥር 10 ለከተራ ሌሊት በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ምእመናን ጋቢያቸውን ተከናንበው ያድራሉ፤ ተነሡ የሚላቸውም የለም፣ ለማለት የሚደፍር ደንብ አስከባሪም ያለ አይመስለኝም። እንግዲህ ደንብ የሚመዝነው ድንኳኑን ሳይሆን ዓላማውንና የቆይታውን ርዝመት ነው፤ የሚያድረው ማን እንደሆነም ሳይመዘን አይቀርም።

[ምስል፦ የሎስ አንጀለስ የእግረኛ መንገድ፣ በመደዳ የተተከሉ ድንኳኖች።]

ይህ ጉዳይ በአሜሪካ ብዙ ፍርድ ቤቶችን አዳርሷል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2016 ዓ.ም. በኦሪገን ግዛት ስለምትገኘው ግራንትስ ፓስ ከተማ በሰጠው ውሳኔ፣ መጠለያ የሌለውን ሰው እንኳ በአደባባይ ሰፍሮ በማደሩ የሚቀጣ ደንብ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት የሚከለክለው «ጨካኝና ያልተለመደ ቅጣት» አይባልም ሲል በ6 ለ3 ድምፅ ፈረደ። ያ ውሳኔ ግን የዕቃውን ጥያቄ አልነካም። ሎስ አንጀለስን በሚመለከት ክስ እ.ኤ.አ. በ2012 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ችሎት፣ ባለቤቱ ለጊዜው ትቶት የሄደ ዕቃ እንደተጣለ ዕቃ ሊቆጠር እንደማይገባ፣ ሰውየው ሳይነገረውም ተወስዶ ሊጠፋ እንደማይችል አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ያሻሻለችው ደንብ የሰው ንብረት በ60 ጋሎን መያዣ ውስጥ ክዳኑ እስኪዘጋ የሚገባ ያህል እንዲሆን ወሰነ፤ ይህም 227 ሊትር ገደማ ሲሆን በየግቢያችን ውኃ ከምናጠራቅምበት በርሜል እምብዛም አይበልጥም። ከዚያ የተረፈውን ለማንሣት፣ አስቸኳይ አደጋ ካልሆነ በቀር፣ የ24 ሰዓት ማስታወቂያ መለጠፍ፣ የተነሣውንም 90 ቀን ማቆየት ግድ ሆነ።

[ምስል፦ ወደ ጆንያው እንመለሳለን፤ ካሜራው ይቀርባል።]

አሁን ወደ እኛ ሕግ እንምጣ። ይህን ጆንያ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፤ አፉ ታስሯል፣ ላስቲክ ለብሷል፣ ላስቲኩን ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበታል። ይህን ያደረገ ሰው ዕቃውን አልጣለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1193 ግዙፍነት ያለው ተንቀሳቃሽ ንብረት በይዞታው ያለ ሰው የንብረቱ ባለቤት እንደሆነ ይገምታል፤ ስለዚህ የብርድ ልብስ ደረሰኝ አምጣ ተብሎ ሊጠየቅ አይገባም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26ም ማንኛውም ሰው በግል ይዞታው ያለ ንብረት እንዳይወሰድበት ጥበቃ ይሰጠዋል፤ ይህ መብት የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ዝርዝር ሕግ ሲኖር ብቻ ነው።

ዕቃው ከተወሰደ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 አለ፤ በይዞታው ያለ ንብረት የተነጠቀበት ሰው እንዲመለስለት የሚጠይቅበት፣ በሕግ ባለሙያዎች ቋንቋ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ የሚመሠረተው በእሱ ነው። ከሳሹ ይዞታው የእሱ እንደነበረና እንደተነጠቀ ያስረዳል፤ ለመውሰድ የሚያበቃ መብት እንዳለው በማያጠራጥር ሁኔታ ወዲያው ማስረዳት ያለበት የወሰደው ወገን ነው። ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። በተግባር የሚያቸግረው የነበረውን ዕቃ ማስረዳቱ ነው፤ በጆንያው ውስጥ መታወቂያና የሐኪም ቤት ካርድ ይኖር ይሆናል፣ ሌላ ሰው ግን አላያቸውም። ስለዚህ ዕቃው ሲነሣ ባለቤቱ እዚያው ካለ፣ ምን ምን እንደተወሰደ፣ በማን እንደተወሰደና የት እንደሚቀመጥ የሚገልጽ፣ ቀንና ፊርማ ያለበት ወረቀት ይጠይቅ፤ ወረቀቱን ከከለከሉት ደግሞ አጠገቡ ያለው ሊስትሮ ወይም የሱቁ ዘበኛ ያየውን ሊመሰክርለት ይችላል።