ፓፓያው ወንድ ነው

እንደምን አመሻችሁ የሰፈሬ ሰዎች። አጭር ንግግር አድርግ ተብዬ ወረቀት ላይ ጽፌ ነው የመጣሁት፣ ግን ታውቁኛላችሁ አጭር አልችልበትም አቦ። ሙቀቱም በረድ ብሏል የምንጠጣው ሆጃም እየደረሰ ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ።

እኛ አትክልት እናስተምራለን የምንል ልጆች ደሞዝ የለንም፣ ያለን አካፋና ጀሪካን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ችግኝ በነፃ ስናድል ሰልፉ አስፋልት ይደርሳል። እሁድ 11 ሰዓት ኑ አተካከሉን እናሳያችሁ ስንል ግን የሚመጣው 4 ሰው ነው፣ አንዱ ደግሞ ወንበሩን ሊወስድ የመጣ።

አሁን የጎረቤቴን የጋሼን ነገር ልንገራችሁ፣ እዚሁ ተቀምጠዋል፣ ፈቅደውልኛል። ፓፓያ ተክለው 2 ዓመት ሙሉ አበባ ብቻ። አበባው ደግሞ ሲያምር፣ በረጅም ዘንግ እንደ ጆሮ ጌጥ ተንጠልጥሎ። ፍሬ ግን የለም። የሰው ዓይን ነው ብለው ግንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰሩ፣ አልሆነም። ውሃ አንሶት ነው ብለው ቀትር 6 ሰዓት በድሬ ፀሐይ ባልዲ ሙሉ ይደፉበታል፣ አልሆነም። ከዛ አንድ ዘመድ መጥቶ ሚስማር ይመታበት አለና ምስኪኑን ዛፍ ቸነከሩት። አንድ ቀን የተዋስኩትን መሰላል ልመልስ ገብቼ ቀና ስል፣ ጋሼ ይሄ እኮ ወንድ ነው አልኳቸው። «ማን?» አሉኝ። ፓፓያው!

ፓፓያ ወንድ አለው፣ ሴት አለው፣ ሁለቱንም በአንድ አበባ የያዘም አለ። የሴቷ አበባ ወፈር ብሎ ግንዱ ላይ ልጥፍ ያለ ነው። ችግኝ እያለ በዓይን አይለይም፣ ይቺ ሴት ነች ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁ ሰው እየሸወዳችሁ ነው። ስለዚህ አንድ ጉድጓድ ላይ 3 ትተክላላችሁ፣ አበባ ሲያወጡ ሴቷን ወይ ሁለቱንም የያዘውን አስቀርታችሁ ሌላውን ትነቅላላችሁ፣ ለሰፈሩ ሴቶች የአበባ ዱቄት እንዲሰጥ አንድ ሁለት ወንድ ትተዋላችሁ። አለቀ፣ 2 ደቂቃ አልፈጀም። ጋሼ 2 ዓመት የከሰሩት አጥር ዞሮ መጠየቅ አሳፍሯቸው ነው።

እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው! ባለፈው ክረምት በዘመቻ የተተከለውን ሄደን ስናይ ምን አገኘን? ችግኙ ከነላስቲኩ ተቀብሯል። ከነላስቲኩ! ስሩ እዛው ውስጥ ተጠምዝዞ ተቋጥሮ ደርቋል። ፎቶ የሚነሳ ሞልቶ ነበር፣ ላስቲኩ ይውለቅ ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው የለም። ያውም የደቻቱ ወንዝ ዳር ልጆች፣ የ1998ቱን የሐምሌ ጎርፍ ያየን ሰዎች! ዳገቱ ሲራቆት ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ለድሬ ሰው ይነገራል? በእናታችሁ፣ 50 ችግኝ ከምትወስዱ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ!

ሌላ ምን ጽፌያለሁ... አዎ ውሃ። ፀሐይ ስትበርድ አጠጡ። ባዶ ሃይላንድ ቂጡን በመርፌ በስታችሁ ስሩ አጠገብ ቅበሩት፣ ቀስ እያለ ያንጠባጥባል። ግቢውን ሊሾ ስታደርጉ ግንዱ ድረስ አትድፈኑት፣ ስርም አየር ይፈልጋል። የቀረውን እሁድ እነግራችኋለሁ።

ጋሼ አዲሷ ፓፓያ ይዛላቸዋለች፣ የመጀመሪያዋን ፍሬ ይዘው መጥተዋል፣ ያቺ በፌስታል ያለችው ነች። ቢላ የያዘ ሰው አለ?