ሕዝብን ማማከር ስንት ያስወጣል?

(በደሴ ለመንግሥት ሠራተኞች፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ አለይኩም። በዚህ ዝናብ ከሸዋ በር ሰፈርም ከቧንቧ ውሃ ሰፈርም ጭቃውን ረግጣችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የተጠራሁት ስለ ቴክኖሎጂ እንድናገር ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት ሒሳብ ምርመራ ላይ ነው። ስለዚህ የማወራው ስለ ገንዘብ ነው። አብሽሩ፣ ቶሎ እጨርሳለሁ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። መንግሥት በኢንተርኔት መድረክ ከፍቶ «ሐሳብ ያላችሁ አምጡ» ሲል፣ ያወጣው ብር የሚገባውን ያመጣል ወይ?

ክራውድሶርሲንግ የሚሉት ነገር ለመረዳት አይከብድም። መሥሪያ ቤቱ ችግሩን ለጥቂት ባለሙያ ብቻ ከመስጠት ለሁሉም ክፍት ያደርገዋል። ሰው ከስልኩ መረጃ ይልካል። ሐሳብ ያዋጣል። ድምፅ ይሰጣል። አንዳንዴም መፍትሔውን ራሱ ሠርቶ ይዞ ይመጣል። እኛ አገር ደቦ አለ፤ ነገሩ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ደቦ የጠራ ገበሬ ግን አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ደቦ በነፃ አይደለም። እንጀራው አለ፣ ጠላው ወይ ቀሪቦው አለ። ሰው ተሰብስቦ የሚሠራው ሥራ ካልተዘጋጀለት ደግሞ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል። ማሳው እንደነበረ ነው።

የእንዲህ ዓይነት መድረክ ሶፍትዌር ሻጮች ወደ መሥሪያ ቤት ይዘውት የሚመጡት ስላይድ ሁሌም ይመሳሰላል። ይህን ያህል ሺህ ሰው ተመዘገበ፣ ይህን ያህል ሐሳብ ገባ ይላል። ስንቱ ሐሳብ ሥራ ላይ ዋለ የሚል መስመር ግን አላየሁበትም። ከታች በትንሹ የዓመት ኪራዩ ተጽፏል፤ በዶላር።

ዶላሩ ላይ ትንሽ ልቁም። ከሐምሌ 2016 መጨረሻ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ 100 ብር አለፈ። በዶላር የሚከፈል የሶፍትዌር ኪራይ የነበረበት መሥሪያ ቤት አንድም ሐሳብ ሳይጨመርለት ወጪው እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። ውል ስትፈርሙ ይህን አስቡ።

ደግነቱ ሶፍትዌሩ የግድ ውድ አይደለም። ኡሻሂዲ የተሠራው እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ከምርጫው በኋላ ግጭት በተነሳ ጊዜ። ሰዎች የት ምን እንደደረሰ በጽሑፍ መልእክትና በኢንተርኔት ይልኩ ነበር፤ ካርታ ላይ ይወጣል። ፊክስ ማይ ስትሪት የሚባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 እንግሊዝ ውስጥ ተጀመረ። ነዋሪው የተቦረቦረ መንገድ ወይም የጠፋ የመንገድ መብራት ሲያይ ካርታው ላይ ይጠቁማል፣ ጥቆማው ለሚመለከተው ማዘጋጃ ቤት ይሄዳል። የሁለቱም ኮድ ክፍት ነው። የሚችል ወጣት ካለ ወስዶ መትከል ይችላል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚችል እንዳለ አልጠራጠርም።

ታዲያ ገንዘቡ የት ይሄዳል? ማንበቡ ላይ ነው የሚሄደው። እስቲ አብረን እናስላ። 5,000 ሐሳብ ገባ እንበል። አንዱን ለማንበብ፣ ለሚመለከተው ክፍል ለመምራትና ለላኪው መልስ ለመጻፍ 10 ደቂቃ ብቻ ይፍጅ። 50,000 ደቂቃ ነው። በሰዓት ሲመነዘር ከ830 ይበልጣል። በቀን 8 ሰዓት ይህን ብቻ የሚሠራ አንድ ሠራተኛ ከ100 የሥራ ቀን በላይ ይፈጅበታል። ወደ አምስት ወር ማለት ነው፤ ያውም ሻይ ሳይወጣ። ይህ ሰው በጨረታ ሰነዱ ላይ የለም። በጀቱ ውስጥም የለም። የለም ማለት ደግሞ ሐሳቡ ይገባል እንጂ አይነበብም ማለት ነው። በር ላይ የተሰቀለውን የአስተያየት ሳጥን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ሳጥኑ ይከፈት ብል ቁልፉ ጠፋ። ተሰብሮ ሲከፈት ከውስጡ የወጣው ከሁለት ኃላፊ በፊት የተጻፈ አቤቱታ ነበር። ድረ ገጽ ቁልፉ አይጠፋም፤ የይለፍ ቃሉ ግን ከሠራተኛው ጋር ይለቃል።

እንግሊዞች ይህን በትልቁ ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ የሚሰበስብ ድረ ገጽ ከፈተ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የመንገድ አጠቃቀም ክፍያን የሚቃወም አንድ አቤቱታ ብቻ 1.8 ሚሊዮን ፊርማ አገኘ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌርም ለፈራሚዎቹ በኢሜይል መልስ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጣው መንግሥት ደግሞ «ወጪ እንዴት እንቀንስ?» ብሎ ሠራተኛውንና ሕዝቡን ጠየቀ። ከ100 ሺህ በላይ ሐሳብ ጎረፈ። ቅድም ባሰላነው 10 ደቂቃ ብንሄድ፣ ያንን አንብቦ ለመጨረስ አንድ ሠራተኛ ስምንት ዓመት ያህል ያስፈልገዋል። ወጪ ለመቀነስ የተጠየቀው ሐሳብ ራሱ ወጪ ሆኖ አረፈው።

የመርከቡን ታሪክ ሳትሰሙ አትቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያው እንግሊዝ 200 ሚሊዮን ፓውንድ ለሚያወጣ የዋልታ ምርምር መርከብ ስም እንዲያወጣ ሕዝቡ በኢንተርኔት ተጠየቀ። ሕዝቡም እየሳቀ «ቦቲ ማክቦትፌስ» የሚል የቀልድ ስም በ124,109 ድምፅ አንደኛ አወጣ። ባለሥልጣናቱ ደነገጡ። መርከቡን ሰር ዴቪድ አተንቦሮ ብለው ሰየሙት፣ የቀልዱን ስም ለአንዲት ትንሽ የባሕር ውስጥ መሣሪያ ሰጡ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ውድቀት ነው የሚያወራው። እኔ በገንዘብ ዓይን ሳየው ያን ያህል አይመስለኝም። ለማስታወቂያ ከሆነ በርካሽ ዓለም ሁሉ ስለ ዋልታ ምርምር አወራ። ለውሳኔ ከሆነ ግን ጥያቄው ተበላሽቷል። ድምፁን ለመቀበል ያልቆረጠ ሰው ድምፅ ስጡ ማለት የለበትም።

አይስላንድ ላይ የሆነው የበለጠ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ2011 ረቂቅ ሕገ መንግሥት ሲያዘጋጁ የሕዝቡን አስተያየት በፌስቡክ ሳይቀር ተቀበሉ። በቀጣዩ ዓመት በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጠው ሁለት ሦስተኛው ደገፈው። ፓርላማው አላጸደቀውም። ያ ሁሉ ድካም መሳቢያ ውስጥ ገባ።

ከዚህ የሚሻል አካሄድ አለ፤ ሽልማት። እዚህ ላይ መንግሥት የሚከፍለው ለሐሳብ ሳይሆን ለተፈታ ችግር ነው። ነገሩ ከኢንተርኔት በፊት ጀምሮ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1714 የእንግሊዝ ፓርላማ መርከበኛ ባሕር ላይ ሆኖ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የት እንዳለ የሚያውቅበትን ዘዴ ላመጣ እስከ 20,000 ፓውንድ እከፍላለሁ አለ። ሊቃውንቱ መልሱን ከሰማይ ከከዋክብት ይጠብቁ ነበር። ይዞት የመጣው ግን ጆን ሃሪሰን የሚባል የአናጢ ልጅ ነው፤ ባሕር ላይ የማይዛነፍ ሰዓት ሠራ። ክፍያው ግን ጉድ ነው። ኮሚቴው ዛሬ ነገ እያለ አንከራተተው። እ.ኤ.አ. በ1773 ፓርላማው ጣልቃ ገብቶ የቀረውን ሲከፍለው ዕድሜው 80 ነበር። ክፍያ የሚያዘገይ ቢሮ የዘመናችን ፈጠራ የሚመስላችሁ ካላችሁ አይደለም።

አሜሪካኖች ይህንኑ ሐሳብ ወደ ኢንተርኔት አመጡት። እ.ኤ.አ. በ2010 ቻሌንጅ ዶት ገቭ የሚባል የመንግሥት የውድድር ድረ ገጽ ከፈቱ። ከዚያው ዘመን ናሳ ከፀሐይ የሚፈነዳ አደገኛ ጨረር መቼ እንደሚመጣ ቀድሞ ማወቅ ተቸግሮ ጥያቄውን በኢንተርኔት ለቀቀው፤ ሽልማቱ 30,000 ዶላር ነበር። ያሸነፈው ጡረታ የወጣ የሬዲዮ መሐንዲስ ነው። የፀሐይ ተመራማሪ አልነበረም። ለዚያ ተቋም 30,000 ዶላር የአንድ ባለሙያ የዓመት ደመወዝ እንኳ አይሆንም። መልሱ ባይመጣ ኖሮ ደግሞ ሽልማቱ አይከፈልም ነበር። ለእኔ ለሒሳብ ሰው ይህ ይጥመኛል።

አሁን ግን ወደ ራሳችን ልምጣ። ወደ ሰሜን ወሎ፣ መቄት፣ ገረገራ። ክራውድሶርሲንግ በትንሽ ብር ምን እንደሚሠራ ለማየት ለንደን መሄድ አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች 400 ያህል የዱረም ስንዴ ዓይነት ገረገራና ትግራይ ውስጥ ሐገረ ሰላም ላይ ዘሩ። አብዛኛው በብዝሃ ሕይወት ተቋማችን ተጠብቆ የኖረ የገበሬ ዘር ነው። ቀሪው የተሻሻለ ዝርያ ነው። ከዚያ በሁለቱ ቦታ 60 ገበሬዎችን፣ ወንዱንም ሴቱንም ጠርተው «እናንተ ማርኩልን» አሏቸው። ገበሬዎቹም እየዞሩ ዛላውን፣ ቶሎ መድረሱን፣ አጠቃላይ ሁኔታውን እያዩ ነጥብ ሰጡ። ልብ በሉ፤ የተጠየቁት ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁትን ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዘዴ ደግሞ ይበልጥ ብልህ ነው። ለአንድ ገበሬ ሦስት ዓይነት ዘር ብቻ በትንሽ በትንሹ ይሰጠዋል። በራሱ ማሳ ይዘራል። ሲደርስ የሚጠየቀው «የትኛው በለጠ፣ የትኛው አነሰ?» ተብሎ ነው። አለቀ። አንዱ ገበሬ የሚያየው ሦስቱን ነው፤ የብዙ ገበሬ መልስ ሲደመር ግን የሁሉም ዝርያ ደረጃ ይወጣል። መልሱ የሚገባበት ክላይምሞብ የሚባለው የኢንተርኔት መድረክ በነፃ ነው። በዚህ መንገድ ከኢትዮጵያ፣ ከሕንድና ከኒካራጓ ከ12,000 በላይ ማሳዎች የተሰበሰበው መረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። የትኛው ዝርያ ለየትኛው አካባቢና የአየር ጠባይ እንደሚሻል ለመለየት ረድቷል። በ1977 ድርቅ ምን እንደሆነ ላየ አገር ይህ ተራ እውቀት አይደለም።

ለምን ረከሰ? ጥያቄው ጠባብ ነው። መልሱ ድርሰት አይደለም፣ ለማንበብ አምስት ወር አይፈጅም፣ ኮምፒውተር ይደምረዋል። መልሱን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ተመራማሪም አለ። ገበሬው ድረ ገጹን አላየውም፤ ማየትም አላስፈለገውም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ ትልቅ ነው። ከደላንታም ሆነ ከወረኢሉ ገጠር ያለው ወገናችን በእጁ የያዘው ብዙ ጊዜ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ለሕዳሴው ግድብ በ8100 ስናዋጣ የሠራው አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው 8028 የገበሬዎች መስመርም የሚሠራው ድምፅ እየሰሙ ቁጥር በመንካት ነው፤ ማንበብ ያልቻለም ይጠቀምበታል። ኢንተርኔት ብቻ የሚል መድረክ የሚሰማው ከተሜውን ነው። እሱንም ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በዚያ ጊዜ የመድረክ ኪራይ የከፈለ ቢሮ ካለ፣ ማን እንዲገባበት እንደከፈለ ቢነግረን ደስ ይለኛል።

በክዋኔ ኦዲት ሦስት ነገር እንጠይቃለን፤ ቁጠባ፣ ብቃትና ውጤታማነት። መድረክ ሲገዛ የሚነሳው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ በርካሽ ተገዛ ወይ? እኔ የምለው አካፋዩን ቀይሩ ነው። ጠቅላላ ወጪውን፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ጨምራችሁ፣ በተመዘገበው ሰው አታካፍሉት። በገባው ሐሳብም አታካፍሉት። በተስተካከለው ነገር አካፍሉት። ምንም ካልተስተካከለ በዜሮ ማካፈል አይቻልም፤ ተማሪዎቹ ያውቁታል።

ለደሴ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ውሃ በፈረቃ እያገኘን የፈነዳ ቧንቧ መንገድ ላይ ሲፈስ ይውላል። በአንድ ክፍለ ከተማ ብቻ፣ ለሦስት ወር፣ ነዋሪው የፈነዳ ቧንቧ ሲያይ በአጭር መልእክት ያመልክት። ስማርት ስልክ ያለው ፎቶና ቦታውን በቴሌግራም ይላክ። ተቀባዩ አንድ ሠራተኛ ይሁን፤ ሥራው ይህ ብቻ ይሁን፤ ኃላፊነቱም በደብዳቤ ይሰጠው። በየሳምንቱ ስንት ጥቆማ ገባ፣ ስንቱ ተጠገነ፣ በስንት ቀን ተጠገነ የሚለው በቢሮው በር ላይ ይለጠፍ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ የወጣው ብር ለተጠገነው ቧንቧ ይካፈል። ከዚያ ሠራተኛ እየዞረ ሲፈትሽ ከሚያስወጣው ጋር ይነጻጸር። ካዋጣ ወደ ሌላው ክፍለ ከተማ ይሂድ። ካላዋጣ ይዘጋ። የማያዋጣን መድረክ መዝጋት እኮ ነውር የለውም። ነውሩ ሪባን የተቆረጠለት ነገር ነው ተብሎ በየዓመቱ በጀት ሲያዝለት መኖሩ ነው።

የእኔ ይብቃ። ማይኩ ይዙር። ከውሃና ፍሳሽ የመጣችሁ ወንድሞች ከኋላ ተቀምጣችሁ አይቻችኋለሁ። ዛሬ አንድ የፈነዳ ቧንቧ አግኝቶ ለመጠገን ስንት እንደሚያስወጣ የምታውቁ ካላችሁ ከእናንተ እንጀምር።