ጎርፉና ዋናተኛው፦ የጋላክሲ ክምችቶችን ጉዞ መለካት

ትዕግሥት፦ እንደምን አላችሁ? ከደብረ ብርሃን ነን፤ ብርዱ ዛሬም ጋቢ አስደርቦናል። ጋሼ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጋላክሲ እየራቀን ከሆነ፣ የአንድ ክምችት የራሱ ጉዞ በምን ይለያል?

ጋሽ ታደሰ፦ ክረምት ላይ ጀማ ሲሞላ የሚሻገር ዋናተኛ አስቢ። ከዳር ሆነሽ የምታዪው የጎርፉንና የክንዱን ድምር ነው። በሰማይ ጎርፉ የጠፈር መስፋት ነው፤ ከርቀት ጋር ይጨምራል። ድምሩን ከብርሃኑ መቅላት እናነባለን። ጎርፉን ለመቀነስ ግን ርቀቱን ማወቅ ግድ ነው፤ ጭንቁ እሱ ላይ ነው።

ትዕግሥት፦ ሞላላ ጋላክሲዎች የሚገቡት እዚህ ላይ ነዋ።

ጋሽ ታደሰ፦ አዎን። ማታ ደብረ ሲና ሆነሽ ከጣርማ በር የሚወርዱ መኪኖችን ተመልከቺ። የደበዘዘው መብራት ሩቅ ነው ወይስ አምፖሉ ደካማ? ሞላላ ጋላክሲ ግን ስለ ራሱ ይናገራል። ከዋክብቱ እንደ ንብ መንጋ ይራወጣሉ፤ የሚመጡት ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ የሚሸሹት ወደ ቀይ ስለሚያደላ፣ ብርሃኑ ሲዘረዘር የሚታዩት ጥቁር መስመሮች ይሰፋሉ። ስፋታቸው የከዋክብቱን ሩጫ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1987 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ሩጫው፣ የገጹ ድምቀት (ብርሃኑ በስፋቱ ላይ ምን ያህል እንደታጨቀ) እና የጋላክሲው መጠን በአንድ ሕግ እንደተሳሰሩ አሳዩ። ከሩጫውና ከገጹ ድምቀት እውነተኛውን መጠን አውጥተሽ በሰማይ ከሚታየው ጋር ስታስተያዪው ርቀቱ ይገኛል።

ትዕግሥት፦ ምን ያህል ይታመናል?

ጋሽ ታደሰ፦ በአንድ ጋላክሲ ስህተቱ 20 በመቶ ገደማ ነው። የኮማ ክምችት በሰከንድ 7,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቀናል፤ 20 በመቶው 1,400 ነው። የምንፈልገው የራስ ጉዞ ግን ጥቂት መቶ ብቻ ነው! ተውጦ ይቀራል። ከዚያው ክምችት 25 ሞላላ ጋላክሲዎች ብትለኪ ግን፣ ሁሉም አንድ ርቀት ላይ ስለሆኑ ስህተቱ አምስት ጊዜ አንሶ 280 ይሆናል። ይህን ሒሳብ በሠራሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ትዕግሥት፦ ከዚያ የራቁትስ?

ጋሽ ታደሰ፦ ክርክሩ እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ላወርና ፖስትማን የተባሉ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች በ119 ክምችቶች ውስጥ ያሉትን እጅግ ደማቅ ጋላክሲዎች ለክተው፣ ሰፊ የሰማይ ክልል በሰከንድ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጓዛል አሉ። ኢፋር የተባለው ጥናት ራቅ ያሉ ክምችቶችን በሞላላ ጋላክሲዎች ሕግ ሲለካ ያን የሚያህል ጉዞ አላገኘም። እኔ ወደ ኢፋር አደላለሁ። ሆኖም ክምችቱ የሚርቅበት ፍጥነት በሰከንድ 15,000 ኪሎ ሜትር ሲደርስ፣ ስህተቱ እንደ ኮማው በ25 ጋላክሲዎች ወደ 4 በመቶ ቢወርድ እንኳ 600 ነው፤ ስህተቱ የጉዞውን ያህል ይሆናል።

ትዕግሥት፦ ኮማን ከዚህ እናያታለን?

ጋሽ ታደሰ፦ በሚያዝያ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ያለችበት ሰማይ ከአናታችን ብዙም አይርቅም። ጋላክሲዎቹ በዓይን አይታዩም፤ ቦታውን ግን በጣቴ አሳይሻለሁ።