ጸጉርም ይበጠራል፣ ምስርም ይበጠራል

[ምስል፦ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ፣ ማለዳ። ሰፌድ የያዙ እጆች በቅርበት]

ሰፌዱ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ገለባው ወደ ጫፍ ይሸሻል። ምስሩ ወደ መሃል ይሰበሰባል። እኚህ እናት ምን እያደረጉ ነው? እያበጠሩ ነው። አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸውስ? እሷም እያበጠረች ነው። እሷ ግን ጸጉሯን።

አንድ ቃል ነው። ሁለቱም ጋ ሥራው መለየት ነው። ይቺን ያዙልኝ።

[ምስል፦ የእንጨት ሚዶና የፕላስቲክ ማበጠሪያ ጎን ለጎን]

ሚዶ ስንል መጀመሪያ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ያ ጥርሱ ረጅምና ሰፋ ሰፋ ያለው የእንጨቱ ነው። ለከርዳዳ ጸጉር እሱን የሚያህል የለም። ማበጠሪያ የሚለው ስም ግን ስለ መልኩ ምንም አይነግረንም። እንደ መጥረጊያ፣ እንደ ማጠቢያ፣ ሥራውን ብቻ ነው የሚነግረን።

እንግሊዝኛ ሌላ መንገድ ሄዷል። የእነሱ «ኮምብ» የጥንት ሥሩ ጥርስ ማለት ነው። አውራ ዶሮ አናት ላይ ያለውን ቀይ፣ ጥርሳም ሥጋም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ንብ የምትሠራውንም እንዲሁ። እኛ ግን የንቧን ሥራ የማር እንጀራ አልነው። እንጀራ ዓይን አለው፣ የንቧም እንጀራ ዓይን አለው። ለእኔ ይሄኛው የበለጠ ያምራል።

[ምስል፦ ሐረር፣ የጀጎል ጠባብ መንገዶች። ልጆች ይሮጣሉ]

አሁን ወደ ምወደው ቃል ልምጣ። አበጠረ የሚለውን እጠፉት፤ አብጠረጠረ ይሆናል። ቆረጠ ሲደጋገም ቆራረጠ እንደሚሆነው ማለት ነው። አንዴ ማበጠር አልበቃም፣ ተመልሶ፣ ደግሞ ተመልሶ።

«አብጠርጥሮ ያውቀዋል» የምንለው ለዚህ ነው። የድሬዳዋን ከዚራ ማወቅ ብዙ አይከብድም፤ መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለ ነው። ጀጎል ግን ከ300 በላይ ጠባብ መንገዶች አሉት። አንዱ ይጠመዘዛል፣ አንዱ ሰው ደጅ ላይ ያልቃል። እዚያ ያደገ ልጅ በየስንጥቁ ገብቶ ወጥቷል፤ የሚዶ ጥርስ በጸጉር መሃል እንደሚያልፈው። ካርታ አላየም። ግን ጀጎልን አብጠርጥሮ ያውቃል።

ሲናገሩም አለ። «የሆነውን ሁሉ አብጠርጥራ ነገረችኝ» ስንል የተቋጠረ ነገር አልቀረም ማለታችን ነው።

[ምስል፦ ጉፍታ ያደረጉ የሐረሪ ሴት፣ ከኋላ]

ሐረር ከደረስን አይቀር ይሄንንም እዩ። ያገቡ የሐረሪ ሴቶች በባህሉ ጸጉራቸውን ከመሃል ለሁለት ይከፍላሉ፤ ከጆሮ ኋላ ሁለት ቦታ ይጠቀልሉታል፤ በላዩ ስስ መረብ ይደረግበታል። ጉፍታ ነው። ያቺ የመሃል መስመር ቀጥ ካላለች ሁለቱ ወገን እኩል አይወጣም።

[ምስል፦ ምጣድ፣ ማሰሻ]

እንግሊዝኛ ተናጋሪ የጠፋ ሰው ሲፈልግ ጫካውን «ያበጥራል»። በእኛ ግን ጫካ ይታሰሳል። ምጣድም ይታሰሳል! ጎመን ዘር የነካ ማሰሻ ምጣዱን ከዳር እስከ ዳር ይዞረዋል። አንድ ቦታ ከዘለለ እንጀራው እዚያው ይይዛል። ፍለጋም እንደዚያው ነው።

[ምስል፦ እንደገና ቀፊራ። ማበጠሪያ የሚሸጡ ሴት]

በመጨረሻ ጎረቤታችንን እንስማ። እዚህ ገበያ ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ አረፍተ ነገር ይገናኛሉ። በኦሮምኛ ማበጠሪያ ፊላ ነው። ፊላቹ ደግሞ ማበጠርም ነው፣ መምረጥም ነው። ምርጫ፣ ያ ድምፅ የምንሰጥበት ምርጫ፣ ፊላኖ ይባላል። ሰፌዱ ላይ ያየነው መለየት እዚህም አለ።

ሴትየዋ ማበጠሪያዎቹን ዘርግተው «ፊለዹ» ይሉኛል። ምረጪም አበጥሪም ማለት ነው። ጥርሱ ሰፋ ያለውን የእንጨቱን አነሳሁ።