ፊልሙ ቀኝ ይላል፣ ሕመሙ ግራ ነው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከአዳማ ነኝ። የማወራው ስለ ወገብ ሕመም ነው። ሰፈራችን ውስጥ ኤምአርአይ የተነሳ ሰው ሁሉ "ዲስኬ ተንሸራቷል" እያለ መኖር አቁሟል፤ ይሄ ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። (ኤምአርአይ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት ፎቶ የሚያነሳ ምርመራ ነው፤ ዲስክ ደግሞ በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል እንደ ትራስ ያለው ለስላሳ ነገር።)

ታላቅ ወንድሜ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ወገቡን ሲያመው፣ ማንም እጁን ሳያሳርፍበት፣ በቀጥታ ኤምአርአይ ተላከ። ውጤቱ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ወደ ቀኝ ወጣ ብሏል ይላል። ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። እናታችን ለቁልቢው ገብርኤል ተሳለች፤ እሱም ጫማውን ለማሰር እንኳን ጎንበስ ማለት ፈራ።

በኋላ ያየው ሐኪም ፊልሙን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ አስተኛው። ጉልበቱን ሳያጥፍ እግሮቹን በየተራ አነሳለት፣ በተረከዙ አስኬደው፣ የእግሩን አውራ ጣት ወደ ላይ እንዲስብ እያደረገ በእጁ ተጫነው። ነርቩ ደህና ነው። "እስቲ የሚያምህን በጣትህ አሳየኝ" ሲለው ወንድሜ የነካው ግራውን ነው። ፊልሙ የሚለው ግን ቀኝ!

ኤምአርአይ ዲስክንም ነርቭንም ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ ራጅ ይህን አይችልም፣ አጥንቱን ነው የሚያሳየው። የትኛው እንደሚያም ግን ፊልም አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ የወገብ ሕመም የሌለባቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነስተው፣ ዲስካቸው ሁሉ ደህና ሆኖ የተገኘው 36 በመቶው ብቻ ነበሩ። የቀሩት ምንም ሳያማቸው ዲስካቸው አብጦ ወይም ወጣ ብሎ ተገኘ። ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ይህ እየበዛ ነው የሚሄደው፣ እንደ ሽበት በሉት።

አብዛኛው ድንገተኛ የወገብ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፤ ለዚያውም አልጋ ላይ ሳይሆን እየተንቀሳቀሱ። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ ያውም በዚህ ኑሮ፣ ተበድሮ ኤምአርአይ መነሳት ለብዙ ሰው አይታየኝም።

አስቸኳይ የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ፣ እዚህ ላይ አደራ። እኛ አገር ቲቢ አከርካሪም ውስጥ ይገባል። ሕመሙ ተኝታችሁም ካልለቀቃችሁ፣ ሌሊት ላብ ካጠመቃችሁ፣ ከከሳችሁ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ከዚህ በፊት ካንሰር ታክማችሁ ከነበረ፣ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ መቀመጫችሁና በጭናችሁ መሃል ከደነዘዘ፣ እግራችሁ እየከዳችሁ ከመጣ ግን ቀጠሮ የለም፣ ወጌሻም የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።