ለመርከብ ሽርሽር ከመክፈላችሁ በፊት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲቃረብ ስለ ክሩዝ የሚጠይቅ አድማጭ ይበዛል። ለዚህ ሳምንት የደወላችሁትን ለጉዞ ወኪላችን አቅርበናል፤ መልሶቹ እነሆ።

ጥያቄ፦ (ከሲልቨር ስፕሪንግ) ከባልቲሞር ወደ ባሃማስ ልንሄድ አስበናል። እኔ ሲቲዝን ነኝ፣ ባለቤቴ ግሪን ካርድ አላት፣ አብራን የምትኖረው እህቷ የጥገኝነት ጉዳይዋ ገና አልተወሰነም። «ሁላችሁም በመታወቂያ ብቻ ትሄዳላችሁ» ተባልን። እውነት ነው?

መልስ፦ የሦስታችሁ ጉዳይ ለየቅል ነው። ከእርስዎ እንጀምር። መርከቡ ከባልቲሞር ተነስቶ እዚያው የሚመለስ ከሆነ፣ የአሜሪካ ዜጋ ፎቶ ያለው የመንግሥት መታወቂያና የልደት ምስክር ወረቀት ይዞ መጓዝ ይፈቀድለታል። ዜግነቱን በኋላ ያገኘ ሰው በልደት ወረቀቱ ፈንታ የዜግነት ሰርተፍኬቱን ዋናውን ያሳያል። መንጃ ፈቃድ ብቻውን፣ የፌዴራል መስፈርት ያሟላው ሪል አይዲም ቢሆን፣ አይበቃም፤ «በመታወቂያ ብቻ» ያላችሁ ሰው ግማሹን ነው የነገራችሁ። እንዲያም ሆኖ ፓስፖርት ይያዙ። የባሃማሷ ዋና ከተማ ናሶ ላይ ታመው ሆስፒታል ቢገቡ ወይም መርከቡ ጥሎዎት ቢሄድ የሚመለሱት በአውሮፕላን ነው፤ ለዚያ ደግሞ ፓስፖርት ግድ ነው። ርካሹ የፓስፖርት ካርድ ለባሕርና ለየብስ እንጂ ለዓለም አቀፍ በረራ አይሆንም።

ባለቤትዎ ያላለፈበት ግሪን ካርዷንም የኢትዮጵያ ፓስፖርቷንም ትይዛለች። ግሪን ካርዱ አሜሪካ መልሶ ያስገባታል፤ የሚወረድበት አገር የሚያየው ግን ፓስፖርቱንም ጭምር ነው። ስለዚህ መርከቡ የሚቆምባቸውን ወደቦች ዘርዝራችሁ፣ ግሪን ካርድ ላለው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ቪዛ ይጠየቅ እንደሆነ ከየአገሩ ኤምባሲ አረጋግጡ። ሜክሲኮ ለምሳሌ ግሪን ካርድ ካለ ቪዛ አትጠይቅም፤ ሌላውም እንደ ሜክሲኮ ነው ብሎ መገመት ግን ያስከፍላል። ከወደቦቹ አንዱ ቪዛ ጠይቆ ባይኖራት፣ «እዚያ አልወርድም» ብትልም ከመነሻው እንዳትሳፈር ልትከለከል ትችላለች። ፓስፖርቱ ከመመለሻችሁ ቀን በኋላ ስድስት ወር የቀረው ይሁን። ማሳደስ ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬውኑ አውጥታችሁ ቀኑን እዩት።

እህቷ ትቅር። ጉዳይዋ ሳይወሰን፣ አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን ወጥቶ የመመለሻ ቅድመ ፈቃድ ሳትይዝ ከአሜሪካ ከወጣች ማመልከቻዋን እንደተወችው ይቆጠራል። ባሃማስ ደርሶ የተመለሰ መርከብ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ከውጭ አገር እንደመጣ ሰው ነው የሚፈተሸው፤ ከመርከቡ አልወረድኩም ማለት አያድንም። ፈቃዱ በእጇ ቢሆን እንኳ ከጠበቃዋ ጋር ሳትመክር ትኬት አይቆረጥላት። የጥቂት ቀን ሽርሽር የዓመታት ጉዳይ የሚቆመርበት አይደለም።

ጥያቄ፦ (ከዱባይ) ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ከአቴንስ ተነስቶ የግሪክ ደሴቶችንና ቱርክን የሚያሳይ መርከብ አየሁ። የሸንገን ቪዛ (የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ካወጣሁ ይበቃኛል?

መልስ፦ ቪዛው ስንት ጊዜ ያስገባል? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። መርከቡ የቱርኳ ወደብ ኩሻዳሲ ሲደርስ ከሸንገን ወጥተዋል፤ ወደ ግሪክ ሲመለስ እንደገና መግባትዎ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ እዚያ ላይ ያልቃል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ ከልክሏል፤ የማመልከቻ ማያ ጊዜውንም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አርዝሞታል።

ስለዚህ ከሸንገን የማይወጣ መስመር ይምረጡ፦ ባርሴሎና፣ ማርሴይ፣ ጄኖዋ፣ የሮም ወደብ ቺቪታቬክያ፣ ፓሌርሞ፣ የማልታዋ ቫሌታ። ክሮኤሺያም ከጥር 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ናት። ቱኒዚያ፣ የሞንቴኔግሮዋ ኮቶርና አልባኒያ ግን ውጭ ናቸው፤ በየመስመሩ መሐል አንዷ ገብታ ስለምትገኝ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። የሚያመለክቱት ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ቆንስላ ነው፤ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት። ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ገንዘብ አይክፈሉ። ቪዛ ስለተከለከለ ብቻ የሚከፍል ኢንሹራንስ ማግኘት ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ (ከአሌክሳንድሪያ) እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት፣ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) አላት። ከማያሚ ለሰባት ቀን ልንወስዳት ነው። ምን እናዘጋጅ?

መልስ፦ ከኢንሹራንስ ጀምሩ። ሜዲኬር መርከብ ላይ ለተሰጠ ሕክምና ሊከፍል የሚችለው መርከቡ አሜሪካ ወደብ ላይ ሲቆም ወይም ከወደቡ ከስድስት ሰዓት በማይበልጥ ርቀት ላይ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲያ ከኪስ ነው። የመርከቡ ክሊኒክ ሐኪምና ነርሶች አሉት፤ ሥራው ግን በሽተኛውን አረጋግቶ ወደ የብስ ማሻገር ነው። ሒሳቡ በክፍላችሁ ላይ ይጻፋል፣ ከመውረዳችሁ በፊት ትከፍላላችሁ፣ ኢንሹራንሱ የሚመልስላችሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ዝርዝር ደረሰኙን ሳትቀበሉ አትውረዱ። ከሁሉ የሚከብደው በአምቡላንስ አውሮፕላን የመመለስ ወጪ ነው፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይወስዳል። ለሕክምና 100 ሺህ፣ ለማመላለሻ 250 ሺህ ዶላር የሚሸፍን ብትገዙ ደግ ነው። ቀኑንም ልብ በሉ፦ ነባር በሽታን የሚሸፍነው ውል አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ዴፖዚት ከከፈላችሁ ከ14 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ካልተገዛ ይቀራል። የመርከብ ኩባንያው ከትኬቱ ጋር «አክዬ ልሽጥላችሁ» የሚለውን ውል ከሌሎች ሳታስተያዩ አትውሰዱ፤ የሕክምና ጣሪያው ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው።

ኢንሱሊኑ በእጅ ሻንጣ ይሁን። ወደቡ ላይ ለተሸካሚ የሚሰጠው ሻንጣ ክፍላችሁ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው፣ አንዳንዴም ምሽት። የክፍሉ ትንሿ ማቀዝቀዣ ለስላሳ ታቀዘቅዝ ይሆናል እንጂ ለመድኃኒት በቂ ላትሆን ስለምትችል፣ ከጉዞው በፊት ደውላችሁ ለመድኃኒት የሚሆን ማቀዝቀዣና የመርፌ መጣያ ሣጥን ጠይቁ። መድኃኒቱ በየራሱ ዕቃ፣ የእናታችሁ ስም እንደተጻፈበት፣ ለተጨማሪ ሦስት አራት ቀን የሚሆን ትርፍ ይኑረው።

ጥያቄ፦ (ከሚኒያፖሊስ) መርከብ ላይ ሰው በተቅማጥ ታሞ ሲባል እንሰማለን። ሳኒታይዘር ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ኖሮቫይረስ ነው፣ የአልኮል ጄል ደግሞ በእሱ ላይ አቅሙ ደካማ ነው። ሳሙናና የሚፈስ ውኃ፣ ቢያንስ 20 ሴኮንድ። የቡፌውን ማንኪያ ስንት እጅ እንደያዘው አስቡት፤ ምግቡን አንሥታችሁ ከተቀመጣችሁ በኋላ፣ በተለይ በእጅ የምትበሉ ከሆነ፣ ተነሥታችሁ እንደገና ታጠቡ።

ምልክቱ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይመጣል፦ ድንገተኛ ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት። ያኔ ወደ ክሊኒኩ በስልክ ተናገሩ እንጂ በእግር አትሂዱ። ሰው ክፍል ውስጥ ያስቀምጡኛል ብሎ ይደብቃል፤ በማግሥቱ ልጆቹ ይተኛሉ። ማስታወኩና ተቅማጡ ካቆመ በኋላም 48 ሰዓት ከሰው ራቁ። ጥቂት ኦ አር ኤስ ከቤት ያዙ፣ ከረጢቱ ላይ በተጻፈው የውኃ ልክ በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ ጠጡ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ የመርከቦችን የንጽሕና ፍተሻ ከ100 ነጥብ ስለሚያወጣ የመርከባችሁን ስም ፈልጉ። 85ና ከዚያ በታች ያገኘ ወድቋል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ (ከዳላስ) መኪና እንኳ ያጥወለውለኛል። መርከብ እችለዋለሁ?

መልስ፦ ክፍሉን በዋጋ ብቻ አትምረጥ። የመርከቡ ወገብ ላይ፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ከሁሉ ያነሰ ይወዛወዛል። ፊት ለፊትና ከላይ ያለው፣ ያ ውድ በረንዳ ያለው ጭምር፣ ለአንተ አይሆንም። ሜክሊዚን ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም ከመነሳትህ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይዋጣል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ከአልኮል ጋር አይሄድም። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን በሐኪም ትእዛዝ ነው፤ አራት ሰዓት ቀድሞ ይለጠፋል፣ ሦስት ቀን ይሠራል፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) ላለበት አደገኛ ነው። ነክተኸው እጅህን ሳትታጠብ ዓይንህን አትሽ። ማጥወልወሉ ከጀመረህ ወደ ውጭ ወጥተህ አድማሱ ላይ ዓይንህን ትከል፤ ስልክህን አትይ።

ጥያቄ፦ (ከሲያትል) ሁለት ትናንሽ ልጆች አሉን። በረንዳው ያስፈራኛል።

መልስ፦ በአሜሪካ ሕግ የመርከብ መከላከያ ብረት ከፍታ ቢያንስ 42 ኢንች፣ 107 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ልጅ የሚያልፈው ወንበር ላይ ወጥቶ ነው። ክፍል እንደገባችሁ ወንበሩንና ጠረጴዛውን ከብረቱ አርቁ፣ የበረንዳውን በር ከላይ ባለው መቆለፊያ ዝጉ። ለእኔ ግን ከበረንዳው ይልቅ የመዋኛ ገንዳው ያሰጋኛል፤ ነፍስ አድን ዋናተኛ የሌለበት መርከብ ብዙ ነው። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት በነፃ ይሰጣሉ፤ ጃኬቱ ግን ዓይናችሁን አይተካም።

የአደጋ ጊዜ ልምምዱንም ልጆቹን ይዛችሁ ተገኙ። ኮስታ ኮንኮርዲያ እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ጣሊያን ጂልዮ ደሴት አጠገብ ዐለት መትቶ 32 ሰው ሲሞት፣ በዚያው ቀን የተሳፈሩ ብዙ መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ያኔ ሕጉ እስከ 24 ሰዓት ይፈቅድ ነበር፤ አሁን ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ወዲያው መሆን አለበት። ምልክቱ ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ጩኸት ነው። የመሰብሰቢያ ጣቢያችሁ ፊደል ወይም ቁጥር መርከቡ በሚሰጣችሁ ካርድ ላይ አለ፤ ከክፍላችሁ እስከዚያ በደረጃ አንድ ጊዜ ሂዱት፣ በአደጋ ጊዜ ሊፍት የለም።

ጥያቄ፦ (ከአትላንታ) በፍልሰታ ነው የምንሄደው። የጾም ምግብ ይገኛል? ጀበናስ መያዝ እንችላለን?

መልስ፦ ምግቡ ይገኛል፣ ግን «ቬጀቴሪያን» አትበሉ፤ ቅቤና አይብ ያለበት ይመጣል። «ቪጋን» በሉ፣ ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት ለኩባንያው አስመዝግቡ። መርከቡ ላይ በመጀመሪያው ማታ የምግብ አዳራሹን ኃላፊ አነጋግሩ፤ የነገውን ምናሌ አይታችሁ በዋዜማው ታዛላችሁ። ቤት የተሠራ ምግብ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ በፋብሪካ የታሸገ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይገባል። ጀበናው ይቅር። እሳት የሚነድድበትም ሆነ የሚግል ነገር፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ከሰል፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሁሉ ይወረሳል።

ፍልሰታ የአውሎ ነፋስ ወቅት መሆኑንም አስቡ፤ ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ የሚበረታውም ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ። መርከቡ ነፋሱን ይሸሻል፣ እናንተ ደግሞ ያሰባችሁትን ወደብ ታጣላችሁ። ውሉ ወደብ እንዲቀይር ስለሚፈቅድ የሚመለስላችሁ የወደብ ክፍያው ነው፣ ያም ከሆነ።

ጥያቄ፦ (ከሂውስተን) የምናውቀው ሰው ርካሽ ትኬት አለኝ፣ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ላክልኝ አለ።

መልስ፦ አትላኩ። ወኪል በክሬዲት ካርድ፣ ገንዘቡ በቀጥታ ለመርከብ ኩባንያው እንዲገባ አድርጎ ማስከፈል ይችላል፤ ያኔ ካርዳችሁ ላይ የኩባንያው ስም ይወጣል፣ ችግር ካለም ሒሳቡ በተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ባንኩ ዘንድ መከራከር ትችላላችሁ። በዜል የሄደ ገንዘብ የሄደ ነው። ሰውየው እውነተኛ ከሆነ የቡኪንግ ቁጥሩን በዚያው ቀን ይሰጣችኋል፤ ራሳችሁ ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ስማችሁን፣ መርከቡን፣ ቀኑን፣ የቀረውን ሒሳብ እዩ።

ስሙንም ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር አመሳክሩ። የእኛ ስም ሦስት ነው፤ ብዙ ጊዜ የአባትና የአያት ቦታ ይለዋወጣል፣ ወይም የአባት ስም ተዘልሎ የአያት ብቻ ይገባል። አስቀድሞ ማስተካከል በስልክ ያልቃል፤ በመሳፈሪያው ቀን ወደቡ ላይ ከተገኘ ግን ወረፋ ላይ ቆማችሁ የምትከራከሩት ከሰዓቱ ጋር ነው።