በብርሃን የሚዋቀር ቺፕ

ውድ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ማታ ሥራዬን ስጨርስ የምለማመድባት፣ ከመዳፌ ብዙም የማትበልጥ አንዲት ቦርድ ጠረጴዛዬ ላይ አለች። በላይዋ ያለው ቺፕ ኤፍፒጂኤ ይባላል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ሥራው ያልተቆረጠለት፣ ባለቤቱ ዛሬ የድምፅ ማጣሪያ፣ ነገ ደግሞ የሞተር መቆጣጠሪያ አድርጎ የሚያዋቅረው ቺፕ ነው። በእ.ኤ.አ. 1985 ዛይሊንክስ የተባለው ኩባንያ ያወጣው የመጀመሪያው ኤፍፒጂኤ 64 የሎጂክ ክፍሎች ብቻ ነበሩት። ቦርዷን ባበራኋት ቁጥር የቺፑን ሥራ የሚወስነው ትእዛዝ ከጎን ካለው ፍላሽ ማህደረ ትውስታ በጠባብ መስመር እየተንቆረቆረ ይገባል፤ ሲሞላም አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት ትበራለች። ገመዱን ስነቅል የገባው ሁሉ ይጠፋል።

ያንን ጠባብ መስመር በብርሃን ለመተካት የደከሙ ሰዎች አሉ። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የዲሜትሪ ሳልቲስ ቡድን፣ ከዚያም በጃፓን ሺዙኦካ ዩኒቨርሲቲ ሚኖሩ ዋታናቤና ባልደረቦቹ ቺፑን ከሆሎግራም፣ ማለትም በሌዘር ብርሃን ምስል ከሚቀረጽበት ገጽ፣ ጋር አጣመሩት። አንድ ሌዘር ሲበራ በሆሎግራሙ ውስጥ የተቀረጸው ንድፍ በቺፑ ላይ ያርፋል፤ እዚያ የተደረደሩት ፎቶዳዮዶች (ብርሃን ጠቋሚ ክፍሎች) ብርሃኑንና ጨለማውን ለይተው ያነቡታል፤ ወረፋ ሳይኖር ብዙ ቢት፣ ማለትም የትእዛዙ 0 እና 1 ምልክቶች፣ በአንድ ጊዜ ይገባል። ሌላ ሌዘር ሲበራ ሌላ ንድፍ ይመጣል፣ ቺፑም ሌላ ሥራ ይይዛል። ለዚህ የሚወስደው ጊዜ በናኖሰከንድ ይቆጠራል።

እኔን ግን ከፍጥነቱ ይበልጥ የያዘኝ የሆሎግራሙ ጠባይ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ዴኒስ ጋቦር በእ.ኤ.አ. 1947 ያፈለቀውና በ1971 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘበት ይህ ዘዴ፣ እያንዳንዱን የምስል ነጥብ በአንድ ቦታ ሳይሆን በመላው ገጽ ላይ በትኖ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ጥጉ ቢፋቅ ምስሉ ይደበዝዛል እንጂ አይጎድልም። በተለመደው ኤፍፒጂኤ አንዲት የጨረር ቅንጣት አንድ ቢት ብትገለብጥ፣ ያ ቢት በቺፑ ውስጥ ሽቦዎቹ እንዴት እንደሚገናኙ የሚወስነው ሊሆን ስለሚችል የቺፑ ሥራ ይዛባል። የዋታናቤ ቡድን ይህን የሆሎግራም ማህደረ ትውስታ ጨረር በበዛበት ስፍራ ለሚሠሩ መሣሪያዎች ማጥናቱ ተገቢ መስሎ ይታየኛል፤ በእ.ኤ.አ. መጋቢት 2011 ከደረሰው የፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ ሰው ሊቀርባቸው ወደማይችል ክፍሎች የተላኩት ሮቦቶች ምን እንደሚጋፈጡ ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ፎቶዳዮዶቹ በቺፑ ላይ ቦታ ይሻማሉ፤ ሌዘሩ፣ ሆሎግራሙና ቺፑም ተስተካክለው ካልቆሙ ነገሩ ከንቱ ነው። ቢሆንም ድካሙ የሚገባው ይመስለኛል።

ሰሞኑን እኔም በአሸዋ የተሞላ ሣጥን አዘጋጅቼ በቀይ ሌዘር አንዲት ሳንቲም ፊልም ላይ ልቀርጽ ነው። የቀይ ብርሃን ሞገድ 650 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ከዚያ ያነሰ ንዝረት እንኳ ሥራውን ያበላሻል፤ ስለዚህ መንገዱ ጭር እስኪል እጠብቃለሁ። ምስሉ ከወጣልኝ ፊልሙን በመቀስ ለሁለት ከፍዬ፣ ሳንቲሟ በሁለቱም ውስጥ ሙሉ ሆና እንዳለች በዓይኔ አያለሁ።